ከአያት ቤት የመጣ ዕቃ ልጆች ባሉበት ቤት

ጥያቄ፦ «አያቴ ካረፉ በኋላ ደብረ ማርቆስ ከነበረው ቤታቸው የደረሰኝን ዕቃ አዲስ አበባ ወደምንኖርበት ባለሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም አምጥቻለሁ። አንድ የእንጨት ሰንዱቅ፣ ባለሦስት እግር የጅማ በርጩማ፣ በቆዳ የተለበጠ መሶብ፣ የወንድ አያቴ ጋሻ፣ ከማርትሬዛ ብር የተሠራ የአንገት ጌጥ፣ ከነማኅደሩ የብራና ዳዊት እና አሮጌ ራዲዮ ነው። የሦስትና የስምንት ዓመት ልጆች አሉኝ። አናጢ ሰንዱቁንና በርጩማውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ቫርኒሽ ሊቀባልኝ ተስማምተናል። ባለቤቴ ደግሞ ከዳዊቱ ሥዕል ያለባቸውን ሁለት ቅጠሎች አውጥተን በፍሬም ሳሎን እንስቀል ይላል። አሜሪካ ያለችው እህቴም በርጩማውን ወይም ዳዊቱን በሰው ላኪልኝ ብላለች። ቤቱ ሙዚየም ሳይመስል፣ ልጆቹም በየደቂቃው ‹አትንኩ› እየተባሉ ሳያድጉ፣ እነዚህን ዕቃዎች እንዴት ላድርጋቸው?»

ምላሽ፦ አናጢውን ያስቁሙት፤ ከዳዊቱም አንድ ቅጠል እንኳ እንዳይወጣ ያድርጉ። የቀረው ጥያቄዎ ሁሉ ቀስ ብለው ሊያስቡበት የሚችሉት ነው፤ ዛሬ ያስቀመጡት ቦታ ካልተመቸ ነገ ይለወጣል። የተፋቀ እንጨትና የተቆረጠ ብራና ግን ወደነበረበት አይመለስም።

በጥያቄዎ ውስጥ አንድ የተሳሳተ ግምት አለ፤ ዕቃው ወይ እንደ አዲስ ታድሶ አገልግሎት መስጠት፣ ወይ በመስታወት ውስጥ ተቆልፎ መታየት አለበት የሚል ነው። ከዘረዘሯቸው ሰባት ዕቃዎች አብዛኞቹ ለአገልግሎት የተሠሩ ናቸው፤ እስከዛሬም የቆዩት ስላገለገሉና በማገልገላቸው ምክንያት በየጊዜው ስለታዩ፣ ስለተጠረጉና ስለተጠገኑ ነው። ስለዚህ ዕቃዎቹን በውበታቸው ወይም በዋጋቸው ሳይሆን በሚችሉት ጫና ይለዩአቸው። ሰንዱቁና በርጩማው ከቤተሰቡ ጋር እየዋሉ ሊኖሩ ይችላሉ፤ መሶቡ አልፎ አልፎ ሊያገለግል ይችላል፤ ጋሻውና ጌጡ ይታያሉ እንጂ አይነኩም፤ ዳዊቱ ደግሞ ከሳሎን ውጭ ይሁን።

ቫርኒሽ እንጨትን ከነቀዝ ይጠብቃል፣ ዕድሜውንም ያረዝማል የሚለው እምነት በሰፊው የተለመደ ቢሆንም በአሮጌ ዕቃ ላይ አይሠራም። እንጨት በክረምት እርጥበት ስቦ ወደ ጎን ይሰፋል፣ በበጋ ደርቆ ይጠባል፤ ይህ እንቅስቃሴ ዛፉ ከተቆረጠ ከመቶ ዓመት በኋላም አይቆምም። ቫርኒሽ የእርጥበቱን መግባትና መውጣት ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም፤ ቀድሞ ውስጥ የገባ ነቀዝ ካለም አይገድለውም። ከሁሉ የሚብሰው ግን ከቫርኒሹ በፊት የሚመጣው ብርጭቆ ወረቀት ነው። በርጩማውን ወደ መስኮት ወስደው መቀመጫውን ከጎን በሚመጣ ብርሃን ይመልከቱት፤ በመሐሉ በተቀማጮች ብዛት የለሰለሰና ያብረቀረቀ ክብ፣ በጠርዙና በእግሮቹ ውስጠኛ ገጽ ደግሞ የጠራቢው መሣሪያ የተወው ጠፍጣፋ ምልክት ይታያል። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ እንጂ በሚስማርና በማጣበቂያ የሚገጣጠም አይደለም፤ ያ ምልክት የሥራው ፊርማ ነው። ግማሽ ሰዓት የፈጀ ፍቀት ሁለቱንም ያጠፋቸዋል፤ የሚቀረው ከገበያ በአዲስ ሊገዙት የሚችሉት ዓይነት በርጩማ ነው።

በመቀመጫው ላይ ስንጥቅ ካለም አይደንግጡ። አንድ ወጥ ግንድ ሲደርቅ መሰንጠቁ የተፈጥሮው ነው፤ ስንጥቁ ካልሰፋና ሰው ሲቀመጥበት ካልተንቀሳቀሰ ጉድለት አይደለም። አናጢዎች እንደሚያደርጉት በኮላና በሰጋቱራ መድፈን ግን ጉዳት ያመጣል፤ በክረምት እንጨቱ ሲሰፋ ለመዝጊያ የሚሆነው ክፍተት ስለሚሞላበት በሌላ በኩል አዲስ ስንጥቅ ይከፍታል።

ታዲያ ምን ይደረግ? በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ አቧራውን ያንሱ። የተጋገረ እድፍ ካለ በደንብ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ይጥረጉና ወዲያው ያድርቁት። እንጨቱ ደርቆ ከደበዘዘ የንጹሕ ንብ ሰም ፍቅፋቂ ቀለም ቀቢዎች አኳራጅ በሚሉት ማቅጠኛ ውስጥ ክዳኑ በተገጠመ ማሰሮ አሳድረው፣ ሲለሰልስ እጅግ በስሱ ይቀቡትና በጥጥ ጨርቅ ይወልውሉት። ማቅጠኛው በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ሰሙን ለማቅለጥ በፍጹም ወደ ምድጃ አያቅርቡት፤ ሥራውንም መስኮት ከፍተው፣ ልጆቹ በሌሉበት ይሥሩት። በዓመት አንድ ጊዜ ይበቃል። የተልባ ዘይት አይጠቀሙ፤ ከጊዜ ጋር ይጠቁራል፣ አቧራ ይይዛል፣ የተነከረበት ጨርቅም ተጠቅልሎ ከተቀመጠ በራሱ ሊነድ ይችላል።

ነቀዝን በተመለከተ የሚጠቅመው ቀዳዳ መቁጠር ሳይሆን ነቀዙ በሕይወት መኖሩን ማረጋገጥ ነው። የቆየ ቀዳዳ ውስጡ የጠቆረና ጠርዙ የተበላ ነው፤ አዲሱ ውስጡ የእንጨቱን ጥሬ ቀለም ያሳያል፣ ጠርዙም ስለታም ነው። ከሰንዱቁና ከበርጩማው ሥር ጥቁር ወረቀት አንጥፈው ለአንድ ወር ሳያንቀሳቅሱ ይተዉአቸው። በወረቀቱ ላይ አዲስ የደቀቀ ዱቄት ክምር ካገኙ ነቀዙ እየሠራ ነውና ዕቃውን በወፍራም ላስቲክ ጠቅልለው ከሌሎቹ ይለዩትና ባለሙያ ያስጠሩ። ትናንሽ የእንጨት ዕቃዎች አየር በማያስገባ ላስቲክ ታሽገው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ማቀዝቀዣ አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ በማቆየት ይታከማሉ፤ ከወጡ በኋላም ጤዛው እንጨቱ ላይ እንዳያርፍ ላስቲኩ ለአንድ ሙሉ ቀን አይከፈትም። ለሰንዱቅ ግን ይህ የሚቻል አይደለም፤ ለብራና ደግሞ በቤት ውስጥ አይሞከርም። ነጭ ጋዝ ወይም የተቃጠለ ዘይት መቀባት በገጠር ምሰሶ ላይ የተለመደ ሲሆን ልጆች በሚተኙበት ቤት ውስጥ ግን የእሳትና የጤና አደጋ ነው። ሰንዱቁ ውስጥ ደግሞ ነጭ ዱቄት ካገኙ በባዶ እጅ አይጥረጉት፤ በድሮ ጊዜ ልብስን ከብል ለመጠበቅ ጸረ ተባይ የነሰነሱ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፣ ለዓመታት ለወባ መከላከያ የተረጨው ዲዲቲም ከእንጨት ላይ በቀላሉ አይጠፋም። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርገው በእርጥብ ጨርቅ ያንሱት፤ ጨርቁን ይጣሉት፤ በዚህ ሰንዱቅ ውስጥም የልጆች ልብስና መኝታ ፈጽሞ አይቀመጥ። ናፍታሌንም ልጆች ከረሜላ መስሏቸው ሊውጡት ስለሚችሉ አልመክርም።

አሁን ወደ ቦታው እንምጣ። እነዚህ ዕቃዎች በአያትዎ ቤት ደህና የኖሩት በከፊል ስለቤቱ ነው። መስኮቱ ትንሽ ስለሆነ ፀሐይ አይደርስባቸውም፤ የምድጃው ጭስ ተባይን ያርቃል፤ ዳዊቱ በማኅደሩ ሆኖ ከግድግዳ ተንጠልጥሎ ስለሚውል አይጥና የወለል እርጥበት አያገኙትም። ኮንዶሚኒየሙ ሌላ አየር ነው፤ መስኮቱ ሰፊ ነው፣ ወጥ ቤቱ ብዙውን ጊዜ ከሳሎን ጋር ስለተያያዘ የእንጀራና የወጥ እንፋሎት ይደርሳል፣ ወለሉ በውሃ ይታጠባል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኘው አዲስ አበባ ደግሞ ፀሐይዋ ቀለምን፣ ቆዳንና ሣርን በፍጥነት ያደርቃል። ስለዚህ ማንኛውም አሮጌ ዕቃ ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ አይቀመጥ፤ የውጭ ግድግዳና የመታጠቢያ ቤት ግድግዳ በክረምት ስለሚረጥቡ ከእነርሱ ቢያንስ አምስት ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ በወለል ላይ የሚቆመውም ሁሉ ወፍራም የጎማ ወይም የእንጨት ማረፊያ ይደረግለት። በበዓል ቀን ቄጤማ ሲጎዘጎዝ ሰንዱቁና በርጩማው ያሉበትን ቦታ ይተዉት። ርጥብ ቄጤማ ላይ ሁለት ቀን የቆመ እግር ከሥሩ መበስበስ የሚጀምረው በዚህ ዓይነት ትንሽ ምክንያት ነው፤ ከላይ ሆኖ ለሚያየው ሰው ለዓመታት አይታወቅም።

ልጆች ባሉበት ቤት ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሰንዱቁ ነው፤ አብዛኛው ሰው ግን ስለጋሻው ይጨነቃል። የሰንዱቅ ክዳን ከባድ ነው፣ የሦስት ዓመት ልጅ ጣት ይቆርጣል፤ ራሱ የሚገጥም መዝጊያ ካለው ደግሞ ገብቶ የተደበቀ ልጅ ከውስጥ መክፈት አይችልም። ቁልፉን ከቤት ያርቁ፤ መዝጊያው እንዳይገጥም በጥጥ ክር አስረው ያቁሙት፤ በክዳኑ ሁለት ማዕዘኖች ላይ የጣት ውፍረት ያለው ቡሽ ወይም የተጣጠፈ ወፍራም ጨርቅ ያስገቡ፤ በዚህም ክዳኑ ሙሉ በሙሉ ሳይገጥም ይቀራል፣ አየርም ያልፋል። ይህ ሁሉ ያለ አንድ ቀዳዳ የሚሠራና በማንኛውም ቀን የሚነሳ ነው። በዚህ መልክ ሰንዱቁ የሳሎን ጠረጴዛ ሊሆን ይችላል። ላዩ ላይ መስታወት አይድረቡበት፤ በመስታወቱና በእንጨቱ መካከል እርጥበት ይታፈናልና። ወፍራም የሸማ ጨርቅ አንጥፈው ሲኒና ብርጭቆ በላዩ ማስቀመጥ ይበቃል። ልጆቹ ቢቀመጡበት፣ ቢደገፉት፣ ስለአያታቸውም በእርሱ ላይ ተቀምጠው ቢጠይቁ እወዳለሁ፤ ሰንዱቅ ለዚህ ይችላል።

በርጩማው የትንሹ ልጅ መቀመጫ ቢሆን ምንም አይሆንም፤ የሚከለክሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በርጩማውን በእግሩ ይዞ ወለል ለወለል መጎተት። ከሥሩ ትንሽ ምንጣፍ ይኑር።

መሶቡን በየዕለቱ የእንጀራ ማስቀመጫ አያድርጉት። የተሰፋባቸው ሣሮች፣ ስንደዶውና አክርማው፣ ሲያረጁ የመተጣጠፍ አቅማቸውን ያጣሉ፤ ትኩስ እንጀራ የሚያወጣው እንፋሎት ሻጋታ ያስነሳል፣ ቆዳውንም ከሣሩ ያላቅቀዋል። ለዕለት አዲስ መሶብ ይግዙ፣ የአያትዎ መሶብ በበዓል በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ይያዝ። በውሃና በሳሙና አይታጠብም። አዲስ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ወስደው የስፌቱን ዙር እየተከተሉ አቧራውን ወደ ውጭ ይጥረጉ። ክዳኑን ሲያነሱ ጫፉን ብቻ ይዘው አይሳቡት፤ በሁለት እጅ ከጎኑ ይያዙት።

ዕቃ በግድግዳ ላይ ሲሰቀል ቤት ሙዚየም ይመስላል ብለው የሚሰጉ ከሆነ የሐረርን ቤት ያስቡ። በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ በገባችው በጀጎል ውስጥ ባለው የሐረሪ ቤት፣ ነደባ ከሚባሉት የመቀመጫ መደቦች በላይ ግድግዳው በሰፌድ፣ በሙዳይና በሳህን የተሞላ ነው፤ ሰዉም ከሥሩ ይቀመጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ያ ግድግዳ የሚያምረው ዕቃው ስለበዛ ሳይሆን ከልጅ እጅ በላይ ስለተሰቀለና ሥርዓት ስላለው ነው፤ ሲፈለግም ይወርዳል። ሁለት ነገር ይውሰዱ ከዚህ፤ ከትከሻ በላይ መስቀልንና አንድን ግድግዳ መምረጥን። በአራቱም ግድግዳ አንዳንድ ዕቃ መበተን ቤቱን ያጨናንቀዋል።

ጋሻውን በዚያ በተመረጠው ግድግዳ ላይ ያድርጉት፤ በራሱ የቆዳ መያዣ ግን አይስቀሉት። ያ መያዣ ለክንድ የተሠራ ነው፤ ደርቆ ሳለ የጋሻውን ክብደት በአንድ ሚስማር ላይ ካሸከሙት አንድ ቀን ተበጥሶ ይወድቃል። ከሥር የሚደግፉ ሁለት የብረት ቅንፎችን በጨርቅ ጠቅልለው ይጠቀሙ፤ ግድግዳው ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት ከሆነም ተራ ሚስማር አይይዝምና በመሰርሰሪያ ቀዳዳ አድርገው ፊሸር ያስገቡበት። ቆዳውን ለማለስለስ ቅቤ ወይም ቫዝሊን መቀባት የተለመደ ጉዳት ነው፤ ቅባቱ ይሻግታል፣ አቧራ ይስባል፣ ነፍሳትን ይጠራል፣ በጋሻው ላይ ያለውን የነሐስ ጌጥም ያረንጓዳል። ከቡና ማፍያው ከሰልና ከዕጣኑ ጭስም ይራቅ።

በአንገት ጌጡ ላይ ያለው ጥቁረት በሎሚና በአመድ አይታሸ። ማርትሬዛ ብር በአብዛኛው 1780 የሚለውን ዓመት የተሸከመ፣ ከ28 ግራም ጥቂት የሚበልጥ፣ ከስድስት እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር የሆነ ገንዘብ ነበር፤ አንጥረኞቻችን አቅልጠው የሠሩትም ይህንኑ ነው። እያንዳንዱ ፍትጊያ ከላዩ ብር ያነሳል፣ የወርቅ ቅብ ካለበት ደግሞ ቅቡ ጥቂት ጊዜ በመታሸት ብቻ ያልቃል። በጉድጓዱ የቀረው ጥቁረት ቅርጹን የሚያሳይ ነውና ይተዉት፤ ላዩን በደረቅ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ማበስ ይበቃል። ሳይለበስ ሲቀር በጥጥ ጨርቅ ተጠቅልሎ በሚታሸግ ላስቲክ ይቀመጥ፤ ሱፍና ላስቲክ ማሰሪያ ግን አይንኩት፣ በውስጣቸው ያለው ድኝ ብርን ያጠቁራልና። በሠርግና በጥምቀት ቢለበስ ደስ ይለኛል።

ስለ ዳዊቱ ለባለቤትዎ የሚነግሩት ይህን ነው። ከተጠረዘ ብራና ሁለት ቅጠል ሲወጣ ከእነዚያ ጋር የተሰፉት ሌሎች ሁለት ቅጠሎች ይላላሉ፣ የመጽሐፉ ስፌት ይፈታል፣ ሥዕሉም ከጸሎቱ ተለይቶ የማን፣ የየት፣ የመቼ እንደሆነ መናገር ያቆማል። በውጭ አገር ገበያ ከመጽሐፍ የተቀደዱ የኢትዮጵያ ብራና ቅጠሎች በነጠላ የሚሸጡት በዚህ ዓይነት ድርጊት ምክንያት ነው፤ ያ ጥፋት ከእርስዎ ቤት እንዳይጀምር እለምንዎታለሁ። በፍሬም የተሰቀለ ብራና ደግሞ በብርሃን ቀለሙ ይደበዝዛል፣ በክረምትና በበጋ ለውጥ ይጨማደዳል፤ ሙዚየሞች ለእንዲህ ያለ ነገር ብርሃኑን ወደ 50 ለክስ (ለክስ የብርሃን መለኪያ ነው) የሚያወርዱትም ለዚህ ነው፣ ይህም ሳሎን ውስጥ የማይቻል ጨለማ ነው። የባለቤትዎ ፍላጎት ግን ትክክል ነው፤ ሥዕሉ ይታይ። ጥሩ ፎቶግራፍ አንሺ ያለ ፍላሽ፣ መጽሐፉ በግማሽ ብቻ ተከፍቶና ከሁለት ጎን በተጠቀለለ ንጹሕ ጨርቅ ተደግፎ ያንሳው፤ ኅትመቱን በፈለጋችሁት መጠን ስቀሉት። ዋናው ከማኅደሩ ጋር፣ በመኝታ ቤት ከውጭ ግድግዳ በራቀ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ይቀመጥ። ሲያነቡት እጅዎን ታጥበው በደንብ ያድርቁ፤ ጓንት ቅጠሉን ለመዳሰስ ስለሚከለክል ለዚህ ሥራ አይመችም። በተቀደደ ቅጠል ላይ ፕላስተር አይለጥፉ፤ ላሚኔት የሚባለውንም አይሞክሩ።

የእህትዎን ጥያቄ ያለ ፈቃድ አይመልሱ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ግለሰብ ቅርስ እንዲይዝ ይፈቅዳል፤ ባለይዞታው ግን እንዲያስመዘግብና በራሱ ወጪ እንዲጠብቀው ያስገድዳል፣ ከአገር ለማውጣትም የመንግሥትን ፈቃድ ይጠይቃል። የብራና መጽሐፍ በሻንጣ ተሸጉጦ ቢገኝ የሚያዘው ተሸካሚው ነው፤ ምንም የማያውቅ ዘመድን በዚህ አያስገቡት። ዳዊቱ ከአገር ይወጣል ብላችሁ አታስቡ፤ ፎቶግራፉን ሙሉውን ይላኩላት። ለእርስዋ አዲስ የተሠራ የጅማ በርጩማ መግዛት ይሻላል፤ እርሱንም ቢሆን ከመጓዙ በፊት ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን አሳይተው የመውጫ ማረጋገጫ ያውጡለት፣ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሊጠየቅ ይችላልና። አሜሪካ ሲደርስም እህትዎ ከማሞቂያው ታርቀው፤ የክረምት ማሞቂያ የቤቱን አየር እጅግ ስለሚያደርቅ አንድ ወጥ እንጨት በመጀመሪያው ክረምት ሊሰነጠቅ ይችላል።

ራዲዮውን ሶኬት ላይ አይሰኩት። የገመዱ ሽፋን ከደረቀና የውስጥ መለዋወጫዎቹ ካረጁ እሳት ሊያስነሳ ወይም ሰው ሊይዝ ይችላል፤ ገመዱን ጠቅልለው ከጀርባው አስረው በመደርደሪያ ላይ ያስቀምጡት።

ሳሎንዎ ሰንዱቁ፣ በርጩማው፣ ጋሻው፣ መሶቡና የሥዕሉ ኅትመት ይበቁታል፤ ከዚህ በላይ አይጨምሩ። መጀመሪያ ግን እያንዳንዱን ዕቃ ከፊት፣ ከኋላና ከሥር ፎቶ አንስተው፣ ከማን እንደመጣና አያትዎ ስለእርሱ የነገሩዎትን ከጎኑ ጽፈው፣ ዳዊቱንና ጋሻውን ወደ ባለሥልጣኑ ወይም ባህልንና ቱሪዝምን ወደሚመለከተው የክፍለ ከተማዎ ጽሕፈት ቤት ሄደው ያስመዝግቡ። የዳዊቱ ጥራዝ የላላ ወይም ቀለሙ እየተፈረፈረ ከሆነ፣ ወይም የጋሻው ቆዳ ከተሰነጠቀ፣ በዚያው የጥገና ባለሙያ ይጠይቁ፤ እነዚህ ሁለቱ በቤት ውስጥ የሚጠገኑ አይደሉም።